ተዝካራቸውን በቁማቸው ያወጡት የወይዘሮ ማንአለሽ ወርቁ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማንአለሽ ወርቁ ከአባታቸው ከአቶ ወርቁ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይታይሽ አየነው፣ በስማዳ ወረዳ ከወገዳ ከፍ ብሎ ባለ መንደር በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የጻፈው የለም። እናታቸው «ዐቢይ ጾም ሊያዝ ሲል ነው» ብለዋቸዋል፤ እሳቸውም ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ሌላውን ነገር ግን ሁሉ ጠይቀዋል።

በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። ማንበብና መጻፍ የተማሩት ካገቡ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው።

ለትዳር የተጠየቁት በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። የአቶ አዳነ ሽማግሎች ቁጭ ብለው ከአባታቸው ጋር ሲነጋገሩ፣ እሳቸው ከጓዳ ሆነው «የሚፈልገኝ ልጁ ነው ወይስ አባቱ?» ብለው ጮኹ። ሽማግሎቹ ሳቁ። አባታቸው መሬት ብትውጣቸው በወደዱ። አቶ አዳነ ወሬው ሲደርሳቸው በማግስቱ እሳቸው ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ ጠብቀው «እኔ ነኝ የምፈልግሽ» አሏቸው። እሳቸውም «እንዲህ በላ!» አሉ፤ በ1965 ዓ.ም. ተጋቡ። አበባውንና ምሥራቅን ወለዱ።

በ1977 ድርቅ ከብቶቹ አለቁ። ልጆቻቸውን ይዘው ከስማዳ ወጥተው ንፋስ መውጫ ገቡ። አቶ አዳነ በመንገድ ሥራ ተቀጠሩ፣ እሳቸው ደግሞ እህል ተራ መሬት ላይ ጆንያ ዘርግተው ባቄላና ምስር መሸጥ ጀመሩ። አቶ አዳነ በ1984 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጆቹን ያሳደጉት በዚያው ንግድ ነው። ሱቁም ከጆንያ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ብሎኬት አደገ።

ሱቁን ሰው የሚያውቀው ግን በምስሩ ብቻ አይደለም። ሊያገባ ያሰበ፣ ሊፋታ የቆረጠ፣ ዐረብ አገር ልሂድ የምትል፣ ሁሉም እዚያ ይመጣል። ወይዘሮ ማንአለሽም ሰፌድ ያስይዙታል። ምስር እየለቀመ የሚያወራ ሰው ዐይኑ ሥራው ላይ ስለሆነ አያፍርም፣ ካላፈረ ደግሞ እውነቱን ያወራል ይሉ ነበር። ምስራቸውም በነጻ ይለቀማል። ይህንንም አልደበቁም።

ከነዚህ አንዱ ዲያቆን መንግሥቴ ነበሩ። ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት ሲማሩ ቆይተው ሊጨርሱ ሲሉ «ልመነኩስ ነው» ብለው እናታቸውን አስለቀሱ። እናትየው እየጎተቱ ወደ ሱቁ አመጧቸው። ወይዘሮ ማንአለሽ ሰፌዱን ሰጥተው ጥቂት አዩዋቸውና «ማን እምቢ አለችህ?» አሉ።

«ኧረ ማንም፣ እትዬ። ዓለም በቃኝ ብዬ ነው።»

«ጠጠሩን እያስቀረህ ምስሩን እየጣልክ ነው። ማናት?»

ልጅቱ እምቢ አላለችም፤ አባቷ ነው ለተማሪ አልሰጥም ያለው። ወይዘሮ ማንአለሽም «እግዜርን ወደህ ከሆነ ሂድ፣ ማንም አይከለክልህም። ልጅቱን ሸሽተህ ከሆነ ግን እስከ ገዳም ተከትላህ ትመጣለች። የቱ ነው?» አሉ። ዲያቆኑ ሰፌዱን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ድጋሚ ተላከ። ዛሬ ፍትሐቱን የሚመሩልን ቄስ መንግሥቴ እሳቸው ናቸው፣ የአራት ልጆች አባት።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ወይዘሮ ማንአለሽ እህል አልበላ አላቸው። ልጆቻቸው ባሕር ዳር ወሰዷቸው። ሐኪሙ ጉበታቸው ላይ ዕጢ እንዳለና ብዙ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ለአበባውና ለምሥራቅ ከበር ውጭ ነገራቸው። ሁለቱም እዚያው ኮሪደር ላይ ላለመናገር ተማማሉ። «ጨጓራ ነው እማ፣ በርበሬ ብቻ ተዪ» አሏቸው። ጠያቂውም ሁሉ ተነግሮት ስለነበር ተልባና ማር ይዞ እየመጣ ስለ ጨጓራ ያወራ ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ወይዘሮ ማንአለሽ ሰፌዱን ምሥራቅ ጭን ላይ አኖሩት።

«ምሥራቅ፣ ከባሕር ዳር ከመጣን ወዲህ አንድ ቀን አልጨቀጨቅሽኝም።»

«ምን ያጨቃጭቀናል እማ?»

«ድሮስ ምን ነበር የሚያጨቃጭቀን? ልሞት ነው አይደል?»

ምሥራቅ ነርስ ናት። ለስንቱ ሰው ስንት ነገር ነግራለች። ለእናቷ ግን ምስሩ ላይ እንባዋን እያንጠባጠበች ነው የነገረቻቸው። ወይዘሮ ማንአለሽ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ይኸው ነው? እኔ እኮ የእውነት ጨጓራ መስሎኝ አልጫ እየበላሁ ከረምኩ! በይ ቀዩን ወጥ አምጪ» አሉ።

በልተው ሲጨርሱ ውሳኔያቸውን ተናገሩ፤ ተዝካራቸውን በቁማቸው ሊያወጡ ነው። አገሩ እንደሚያውቀው በቁሙ ተዝካሩን የሚያወጣው ልጅ የሌለው፣ ኋላ የሚያስበው ሰው የሌለው ነው። ልጅ ያለው ሰው ካደረገው ልጆቹን ከቁጥር አላስገባም ማለት ነው። አበባው ከቢሮ እየሮጠ መጣ።

«እማ፣ ልታዋርጂን ነው? አገር ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል። እኔም ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ከሞትኩ በኋላ የምትደግሱትን ማን ይብላው? እኔ አልቀምሰው!»

«አይሆንም አልኩ።»

«ሰፌዱን ያዝ።»

አበባው ሰፌዱን አየው፣ አልያዘውም። «አሁን ነው የምታስይዥኝ?» አለ። «አባዬ የሞተ ጊዜ፣ ስማዳ ልመለስና የአያቴን መሬት ልረስ ስልሽ የት ነበር ይኼ ሰፌድ? ‹ልጆቼ ሞፈር አይነኩም› ብለሽ ሒሳብ ተማር አልሽኝ። ይኸው ተማርኩ። አገሩን ሁሉ ምን ትፈልጋለህ እያልሽ ትጠይቂያለሽ። እኔን አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም።»

ወይዘሮ ማንአለሽ ሰፌዱን ራሳቸው ይዘው ትንሽ ለቀሙ፣ ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን ፊት ለፊት አዩት።

«እውነትህን ነው። ያንን ረኃብ ሳስብ መሬቱን እፈራዋለሁ። ፍርሃቴ ወሰነልህ። ግን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አጥፍቻለሁ።» ሰፌዱን አስቀምጠውም «አሁንስ ምን ትፈልጋለህ?» አሉ።

«አሁንማ አርጅቻለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«ማረስ» አለ አበባው።

«በዚህ ቦርጭ?»

«በዚህ ቦርጭ።»

ምሥራቅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ወይዘሮ ማንአለሽም ሳቁ። «እንግዲያውስ ምን ትጠብቃለህ? ወንድሜ ላቀው ጉልበቱ ሳያልቅ ሂድ። በሬ መጥመድ የሚያሳይህ ሌላ ሰው የለም» አሉት። የአበባው ባለቤት ራሄል መምህር ናት፤ ማታ እሷም ተራዋን ሰፌድ ይዛ «ቅዳሜና እሑድ እመጣለሁ። ጠቅልዬ ግን አልገባም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ» አለች። ይህም ተቀባይነት አገኘ። አበባውም «ተዝካሩ ይውጣ፣ ጠሪው እኔ ነኝ» ብሎ በየቤቱ ዞሮ ጠራ።

ተዝካሩ ጥር 2016 ዓ.ም. ወጣ። ዳስ ተጣለ፣ ካህናቱ ጸለዩ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ። ወይዘሮ ማንአለሽ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ሴቶቹ ማልቀስ ሲጀምሩ «አልቃሽ አልጠራሁም! ለቀብሬ አስቀምጡት፤ አሁን ያላችሁን ንገሩኝ» አሉ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ውባለም ተነሥተው «ማንአለሽ፣ ሲበዛ ነገረኛ ነሽ» ብለው ተቀመጡ። «ይኸው! ለዚህ ነው የደገስኩት» ብለው አጨበጨቡላቸው። ቄስ መንግሥቴም «ከምንኩስና ያስቀሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ባለቤቴ በተቆጣች ቁጥር አስታውስዎታለሁ» ብለው ዳሱን በሳቅ ገለበጡት። ያን ዕለት ተኳርፈው የመጡ ታርቀው የሄዱ አሉ፤ ሳይታረቁ በልተው የሄዱም አሉ።

አበባው ሥራውን ለቆ በ2016 ክረምት ስማዳ ገባ። የመጀመሪያ እርሻውን አጎቱ አቶ ላቀው አይተው «ይኼ ትልም ነው ወይስ እባብ አልፎበታል?» አሉ። በቀለለት ግን። ኅዳር ላይ ወይዘሮ ማንአለሽ «ውሰዱኝ» አሉ። እስከ ወገዳ በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ፣ ምሥራቅ ከጎን እየደገፈቻቸው፣ ከተሰደዱ ጀምሮ ወዳልረገጡት መሬት ገቡ። አውድማው ዳር ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው በሬዎቹ ገብሱን ሲያበራዩ ዋሉ። አበባው ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ጭድ በጭድ ሆኖ አጠገባቸው መጣ።

«ያኔ ጠይቄህ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ታርስ ነበር» አሉት።

«ያኔ ቢሆን ምናልባት ሰልችቶኝ እሸሽ ነበር።»

«የልብህን ነው ወይስ ልታጽናናኝ ነው?»

አበባው አሰበና «አላውቅም» አለ።

«እንዲህ ንገረኝ» ብለው ጭዱን ከራሱ ላይ አራገፉለት።

ወይዘሮ ማንአለሽ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ንፋስ መውጫ በሚገኘው ቤታቸው ልጆቻቸው ባሉበት አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። በአርባቸው ጸሎት ይደረጋል። ድግስ የለም፤ በልታችኋል።

ከኋላቸው ወንድማቸውን አቶ ላቀው ወርቁን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ምሥራቅ አዳነን፣ ነርስ፣ ምራታቸውን መምህርት ራሄልን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም የበኩር ልጃቸውን አቶ አበባው አዳነን ትተዋል። ከአበባው ስም ቀጥሎ የቀድሞ የቢሮ ማዕረጉ እንዳይነበብ፣ ሙያው ጮክ ተብሎ እንዲነገር አደራ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ገበሬ።

አምላክ ወይዘሮ ማንአለሽን አጠገቡ አስቀምጦ ያጫውታቸው። የሚጠይቁት ብዙ ነው፣ ይታገሣቸው። እኛንም ያጽናን። አሜን።