ቁልቁለት ላይ ፎሌ ስላዘዙልን

ለተከበሩ የመናኸሪያችን ስምሪት ኃላፊ፣

ጤናዎ ይብዛ፤ ቤተሰብዎም፣ ወንበርዎም በሰላም ይክረሙልኝ።

እኔ ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ጨውና ስኳር የምቸረችር፣ የሹፌር ሸምሱ ባለቤት ከድጃ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያነበብኩት ዕቃ ከምጠቀልልበት ወረቀት ላይ ነው። ናፍጣ እንዲቆጠብ አስበው፣ ወደ ሙዱላ የሚወርድ መኪና ሁሉ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ እንዲንከባለል ስላዘዙልን፣ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ከአንድ የመንጃ ፈቃድ መማሪያ ተቀዶ እጄ የገባ ገጽ እንደሚለው፣ ማርሽ ገብቶ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ ጎማው ራሱ ሞተሩን ስለሚያዞረው ናፍጣ አይወስድም፤ ፎሌ የሆነው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ይወርዳል። ስለዚህ ቆጥቡ ያሉንን ናፍጣ የሚያባክነው ትእዛዝዎ ነው። ቀጣዩ ገጽ የበለጠ ያብራራ ይሆናል፤ እሱን ግን ጨው ጠቅልዬ ሸጬዋለሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፪. ማርሽ ሲወጣ መኪናዋን የሚይዛት ፍሬን ብቻ ነው። ሸምሱ ሲመለስ ልብሱ የተቃጠለ ፍሬን ይሸታል፤ እኔም ሳጥብ አመሰግንዎታለሁ። ማርሽ እንዲያስገባ ብለምነው፣ «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው? የመናኸሪያ መውጫ ወረቀት ቢከለክሉኝ ጨውሽን ልንልስ ነው?» አለኝ።

፫. ቁልቁለቱ ግርጌ ቆሞ የሞተር ድምፅ የሚያዳምጥ ተቆጣጣሪ ስለመደቡልንም እናመሰግናለን። የሚያጉረመርም መኪና ማርሽ አስገብቷል ተብሎ ይመዘገባል፤ ዝም ያለው ያልፋል። ፍሬኑ መያዝ አለመያዙን የሚመዘግብ ግን የለም።

ገጹን ይዤ ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። በሦስተኛው ጸሐፊዎ ገጹን በክብር ተቀብላኝ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችበት። ከዚህ በኋላ የቀረኝ ነገር ቢኖር ጠዋት መኪናዋ ስትወጣ ቆሞ ማየት ነው።

ከትእዛዝዎ በታች፣ ከቁልቁለቱ በላይ የምኖር ታዛዥዎ፣
ከድጃ፣ ከሆሳዕና

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ለሠርግ ወደ ሙዱላ ሲወርዱ፣ በሸምሱ መኪና የፊት ወንበር ላይ ሆነው «ማርሽ አስገባ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» ብለው የጮኹት እርስዎ ነበሩ። ሸምሱም ታዘዘ፤ በሰላም ገባችሁ። «ማርሽ አስገብቶ ወርዷል» ተብሎ ሰኞና ማክሰኞ መውጫ የተከለከለው ሹፌር እሱ ነው፤ ፊርማው የእርስዎ መሆኑን አንብቤያለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ግን አያስቡ፤ እንደ ትእዛዝዎ በፎሌ ይወርዳል።