የአውራጇ መስመር

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለማንጠግቦሽ፣
ሐዋሳ

ደህና መሆንሽን ልጃችን ወለላ በየሳምንቱ ትነግረኛለች። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር በእግርሽ እንደምትሄጂ፣ የወገብሽም ሕመም እንደቀለለሽ አውቃለሁ። የእኔን ጠይቀሽ እንደማታውቂ ስለገባኝ ግን ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፦ ጤና ነኝ፣ ከዓይኔና ከንዴቴ በቀር። ስልክ ብደውል አታነሺም፤ ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመለስኩ። ወረቀት ቢያንስ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ምን ስትሠራ ትውላለህ ብትዪኝ፣ በስልሳ አንድ ዓመቴ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ መስመር ስጎትት ነው የምውለው። ወለላ በላከችልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኖታ የሚጻፍበት ፕሮግራም አለ። እዚህ የተቋቋመ አንድ የባህል ኮሚቴ የይጁቤን አካባቢ የሠርግ ዘፈኖች በኖታ አሳትማለሁ ብሎ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። አክብረውኝ እንዳይመስልሽ፤ ሠላሳ ዓመት ሙዚቃ ያስተማረ፣ ኖታ የሚያነብ ሌላ ሰው ስላጡ ነው። ዘፈኖቹ ሃያ ሦስት ናቸው። አሥራ ዘጠኙን ከየት እንደጻፍኳቸው ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። ከዚያች ካሴት ነው።

ፕሮግራሙ ያንገፈግፈኛል። እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት የኖታ መስመር አለው፤ ላይኛው የአውራጇ፣ ታችኛው የተቀባዮቹ። ከኖታው ሥር ግጥሙን ፊደል በፊደል አስገባለሁ። ታዲያ የእኛ ፊደል እግሩ ረጅም ነው መሰለኝ ከታች ያለውን መስመር ይረግጠዋል። ላርቀው ብዬ ስጎትት ገጹ ይሞላና የዘፈኑ ጭራ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሸሻል፤ ብቻውን፣ አንዲት ኖታና አንዲት "ሆ" ብቻ ይዞ። ላቀራርበው ስል ደግሞ ኖታና ፊደል ተደራርቦ ዝንብ የሰፈረበት ይመስላል። አምስተኛውን ገጽ ሳበጅ ሁለተኛው ይፈርሳል። በዚያ ላይ ደጃችን ላይ ባጃጆች ተራ ይዘው ሲቆሙ የሚከፍቱት ሙዚቃ አለ፤ ስለ ሙዚቃ የምሠራው ሥራ ሙዚቃ አስጠላኝ።

ከፕሮግራሙ የባሰ የሚያቅለሸልሸኝ ግን ኮሚቴው ነው። ሰብሳቢው አቶ ታዲዮስ ነው፤ ያ ወረዳ ሲሠራ የነበረው፣ የወለላን ክርስትና የበላው። ኖታን ከጉንዳን አይለይም፣ ግን ገጽ ይቆጥራል። ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን የሚያጥፈው አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ አድርጎ ስለሆነ መጽሐፉ ልክ ስልሳ አራት ገጽ ይሁን፣ ከዚያ አንድም እንዳያልፍ ተባልኩ። የእኔ ሥራ ስልሳ ስምንት ሆነ። ከስልሳ ስምንቱ ስምንቱ የመልካም ምኞት መልእክት ነው፤ በየገጹ አንድ ፎቶ፣ አንድ ከረባት፣ ሁሉም ጋ ያው አንድ ዓይነት ንግግር። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ሠርግ ቤት ሄዶ ከመብላት በቀር የሠራው የለም። ከዚያ አንድ መስመር ልቀንስ ብል ሰማይ ይደፋብኛል። አራቱ ገጽ ደግሞ "የአዘጋጁ የሕይወት ታሪክ" ነው። የእኔ ማለት ነው፤ ትራምፔት ይዤ የተነሣሁት ፎቶም አለበት። አልዋሽሽም፣ ከመጽሐፉ ሁሉ ተጠንቅቄ የጻፍኩት እሱን ነበር።

ስለዚህ መቀነስ ያለበት ዘፈኑ ሆነ። የኖታውን መጠን አሳነስኩ፣ ህዳጉን አጠበብኩ፣ አልበቃም። አንድ ቀን ፕሮግራሙን ስጎረጉር ባዶ መስመሮችን ደብቅ የሚል ትእዛዝ አገኘሁ። አንድ ዘፋኝ ዝም ያለበት ረድፍ ካለ መስመሩን እንዳለ ያነሣውና የቀረውን ወደ ላይ ይሰበስበዋል። አንዴ ብቻ ነው የተጫንኩት። ስልሳ ስምንቱ ስልሳ አራት ሆኖ ቁጭ አለ። ብቻዬን አጨበጨብኩልሽ። በፍላሽ አድርጌ ለማተሚያ ቤቱ ሰጠሁ፣ የሙከራውም ህትመት ወጣ።

ህትመቱን እንድታይልኝ ለሂዊ ወሰድኩላት። ሂዊን አታውቂያትም፤ ጡረታ ስወጣ በእኔ ቦታ የተቀጠረች የሙዚቃ መምህርት ናት፣ ስድ አይደለችም፣ ግን ያየችውን ትናገራለች። መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብላ በለሆሳስ እየዘፈነች ማንበብ ጀመረች። ጥቂት ሄዳ አቆመች። ገጹን ገለጠች፣ መልሳ ወደ ኋላ ገለጠች።

"ጋሼ፣ አውራጇ የት ሄደች?" አለችኝ።

ዝም ስላለች ነው፣ ዝም ያለ ሰው ቦታ እንዳይፈጅብኝ ደበቅሁት አልኳት። እንዲያውም ኮራ ብዬ ነው የነገርኳት።

"ዝም ብትልም እኮ እዚያው ቆማለች" አለች።

ወረቀቱን ሰብስቤ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ በዓይኔ የሚሄደው አንቺ ዳሱ መሐል ስትቆሚ ነበር። ተቀባዮቹ ሲያነሡ አንቺ ዝም ትያለሽ እንጂ አትቀመጪም። ሁሉም የሚያዩት አንቺን ነው። አገጭሽን ቀና ስታደርጊ ያቆማሉ፣ ትንፋሽ ስትወስጂ ይጠብቃሉ። ያን ዝምታሽን ነው እኔ ቦታ ፈጀብኝ ብዬ በአንድ ጣት ያጠፋሁት። በዚያ ላይ ያጠፋሁት አሁን ብቻ አይደለም።

ካሴቷን አውጥቼ አየኋት። ጽሑፉ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ "የሺዋስ አወቀና ጓደኞቹ፣ ይጁቤ" ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት አለፈው። ድምፅ ሊቀዳ የመጣው ሰውዬ የማን ልበል ብሎ ሲጠይቅ እኔ ነኝ ቀድሜ የመለስኩት። አንዲት ቃል አልዘፈንኩም፤ ማይክሮፎን ነው የያዝኩት። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር፣ ሰምተሻል። ከዚያ ገብተሽ ለሰውዬው ምሳ አቀረብሽ። በሚኒባስ ወደ ማርቆስ ስንመለስም ምንም አላልሽ፣ እኔም ደክሟት ነው አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ዘፍነሽ አታውቂም። ዕድሜ ነው፣ ሥራ በዝቶባት ነው፣ ልጅ ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ለራሴ ምክንያት ስሰጥ ኖርኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሻንጣሽን አንሥተሽ ስትወጪ እኔስ ከማን ጋር ላውራ ብዬ የጠየቅሁሽን አትረሺውም።

"ካሴቱ አለልህ አይደል? እሱን አናግረው" አልሽኝ።

ያን ጊዜ ነገር የጀመርሽኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። አሁን ሳስበው እውነትሽን ነው።

በማግስቱ ኮሚቴው ጋ ሄድኩ። የተደበቁት መስመሮች ይመለሱ፣ በአሥራ ዘጠኙ ዘፈኖች ላይ ደግሞ የአውራጇ ስም ይጻፍ አልኩ። አቶ ታዲዮስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና የሴትዮዋ ስም ለዘፈኑ ምን ይጨምርለታል አለኝ። ቆይቶ ደግሞ የሚያባብለኝ መስሎት መጨረሻው ገጽ ላይ "ለአዘጋጁ ባለቤት ለትብብራቸው" የሚል ምስጋና እናስገባልህ አለ። ለትብብራቸው። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን ያ ሁሉ ከአፉ የሚወጣው ነገር የእኔው ነበር፤ እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው የተናገረው። በምን አፌ ልስደበው?

ስለዚህ የሕይወት ታሪኬን አራት ገጽ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ስልሳ ስምንት ሲቀነስ አራት፣ ያው ስልሳ አራት ነው አልኩት። ፎቶህ እኮ ያምር ነበር አለኝ፤ እሱን ነው ያዘነለት። ገጹ ልክ ስለመጣ ሌላው ግድ አልሰጠውምና ተስማማ።

ሥራው ግን ገና ተጀመረ። ስምሽን አውራጅ በሚለው ፋንታ በመስመሩ ራስ ላይ ስጽፈው ረዘመና ኖታውን ሁሉ ወደ ቀኝ ገፋው። አሥራ ዘጠኙም ዘፈኖች ፈረሱ። ስሙን አሳጥረህ አስገባ የሚል ቦታ ፕሮግራሙ ላይ አለ፤ አላሳጠርኩትም። አራት ቀን ሙሉ አንዱን ካንዱ እያራቅሁ፣ እያቀራረብኩ፣ ዓይኔ እስኪያነባ ሠራሁት። ስረግም ነው የዋልኩት፣ ግን አልመረረኝም።

አሁን የምጠይቅሽን ልጠይቅ። መጽሐፉ ሰኞ ሳምንት ማተሚያ ቤት ይገባል። ድምፅሽ ሲቀዳም አላስፈቀድኩሽም፣ ስጽፈውም አላስፈቀድኩሽም። ስምሽን በአባትሽ ስም፣ ማንጠግቦሽ ገዳሙ ብዬ ጽፌዋለሁ። እንዲህ አይሁን ካልሽ ለወለላ ንገሪያት፣ አስተካክለዋለሁ። ዘፈኖቼን አውጣልኝ ካልሽም አሥራ ዘጠኙንም አወጣቸዋለሁ፣ ለምን ብዬም አልጠይቅሽም። መጽሐፉ የነታዲዮስ ከረባት ብቻ ይዞ ይውጣ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሠላሳ አንደኛውን ገጽ አጥፌ ልኬልሻለሁ። ሙሽራዋ ስትወጣ የምትዪው ነው። ሦስተኛው ቤት ላይ ስትደርሺ ድንገት ዝም ትያለሽ፤ ተቀባዮቹ ያንኑ ደጋግመው ደጋግመው ይላሉ። ግጥሙ ጠፍቷት ነው እያልኩ ነበር እስከ ዛሬ። ሰሞኑን መስመሩን ልመልስ ብዬ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሳዳምጠው ከጭብጨባው ኋላ ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁ። ወለላ ናት። ቀስ እያለ ለቅሶው ይቆማል፣ ከዚያ አንቺ ትመለሻለሽ፤ ካቆምሽበት፣ ድምፅሽ ዝቅ ብሎ፣ እንዳይቀሰቅሳት። እኔ ሁለት እርምጃ አጠገብሽ ማይክሮፎን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ልጅቷን ግን የተቀበለሽ ሰው የለም።

ኖታ እንደማታነቢ አውቃለሁ፤ ስምሽን ግን ታነቢዋለሽ። ላይኛው መስመር የአንቺ ነው። ባዶ የሆነበትም ረድፍ የአንቺ ነው፣ አልደበቅሁትም። እዚያ ላይ ወለላን ታቅፈሻል። ይቅር በዪኝ።

ያ የተከልሽው ጌሾ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፤ አልቆረጥኩትም፣ ሰዎቹም አልተቆጡም። ካሴቷንም እንዳልሽኝ ሦስት ዓመት አናገርኳት። እሷ ስትዘፍን እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ስናገር ግን የሚሰማኝ የለም።

እግዚአብሔር ጉሮሮሽን ይጠብቅልሽ፣ ወገብሽንም ያጽናልሽ። የሐዋሳው ገብርኤል ከአንቺም ከልጃችንም አይለይ።

የማንጠግቦሽ ገዳሙ ባለቤት፣
የሺዋስ