አሥር ሺህ ሰባት እግር ቡና

ይድረስ ለልጄ ልጅ፣ ለሒሳብ አስተማሪዋ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምሽ፣ ጤናሽስ? ሰኮሩ ላይ የከበደሽ ነፋሱ ነው ወይስ ተማሪዎችሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴና ከአጎትሽ ከኡመይር በቀር የሚያመኝ የለም።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ኡመይር ድርሻውን ሸጦ ከተማ፣ ሰቶ ሰመሮ ላይ ቤት ሊሠራ፣ የየቡው ቡናችን ለአራቱ ልጆቼ ይከፈል ብሎ ሽማግሌ አስቀመጠብኝ። የቤታችንን ደንብ ታውቂያለሽ፤ የሚቆጠረው ያፈራ እግር ብቻ ነው፣ ሲካፈል አንድ እግር እንኳ ከተረፈ ማሳው አይቆረጥም። በተረፈ ዛፍ ስንት ወንድማማች ተፈነካክቷል!

ማክሰኞ በየእግሩ የኮባ ልጥ እየታሰረ ተቆጠረ። አሥር ሺህ ስምንት! ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሁለት፣ ምንም ሳይተርፍ። ኡመይር ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ያህል ፈነደቀ። ሐሙስ በሽማግሌ ፊት ተቆጥሮ ይከፈል ተባለ።

ያን ጊዜ በዒድ የነገርሽኝ ብቸኛ ቁጥር ትዝ አለኝ፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈለው። ረቡዕ የስኳር ካርቶን ቀድጄ፣ አንድ ቀንሼ፣ ከመቶ በታች ባሉት ሃያ አምስት ብቸኞች ሞከርኩት። ከዚያ ወዲያ መድከም አያስፈልግም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ለሰባት አራት ተረፈ። ለሰማንያ ሦስት ስሞክር ምንም አልተረፈም ብሎኝ ልቤ ቀጥ አለች፤ ደግሜ ባሰላው አርባ ሰባት። መጨረሻ ለዘጠና ሰባት አሥራ ስድስት ሲተርፍ ጮህኩ መሰለኝ፣ አክስትሽ ሳቢሃ ምን ነደፈዎት እያለች ሮጣ መጣች። ቁጥር፣ አልኳት።

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አስቢው፤ አራቱ ልጆቼ ይቅሩ፣ አሥራ ሰባት የልጅ ልጆቼ ቢሰለፉ ቡናውን መቁረጥ አይችሉም!

ሐሙስ ሲቆጠር አሥር ሺህ ሰባት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንጃ፣ ከርከሮ ነቅሎት ይሆናል አልኩ። ኡመይር የተረፈውን ሦስት እግር ለመስጊድ ሰጥተን ሌላውን እንካፈል ብሎ ሞከረ፤ ሽማግሌው አባቦራ ደንብ ደንብ ነው አሉት። ተነሥቶ ወደ ማሳው ወረደ፤ ሲመለስ እግሬን እግሬን ያያል።

«ከርከሮው አርባ አንድ ቁጥር ጫማ ነው የሚያደርገው፣ አባ» አለኝ፣ በጆሮዬ።

ለሽማግሌዎቹ ግን አልተናገረም። ጉልበቴን ስሞ፣ እርስዎ እያሉ አይነካም አለና ሄደ። ልጄ ነው፤ አኩርፌው ነበር፣ አሁን ናፈቀኝ።

አንድ ነገር ለአንቺ ብቻ። ከርከሮው በነቀለበት ቦታ ሁለት ችግኝ ተክያለሁ። ሲያፈሩ አሥር ሺህ ዘጠኝ ይሆናል፤ እሱንም በሃያ አምስቱ ሞከርኩት፣ እሱም ብቸኛ ነው! ብቻ አብረው ማፍራት አለባቸው፤ አንዱ ከቀደመ ጉድ ፈላ። ሦስት ዓመት ይፈጃሉ፤ ሐኪሙ ደግሞ ለእኔ ይህን ያህል አልቆጠረልኝም። አንቺ እየመጣሽ እያቸው።

ረቢ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ደስታሽ ለስንቱም ተካፍሎ የማያልቅ ይሁን።

አያትሽ፣ ከየቡ