የአውራ ጣቴ ጅማት

ጩጬዬ፣ የረገጥሽው መሬት ይለስልስልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። አያትሽን ጉንፋኑ ለቋታል፤ የቀራት ቁጣዋ ብቻ ነው።

ወለምታ ያልኩሽ እግሬ ለካ ጅማቱ ተበጥሶ ኖሯል። ተማሪዎቼን ሩጫ ሳለማምድ ከተረከዜ በላይ ሰው የመታኝ መስሎኝ ዞርኩ፤ ማንም የለም። ዳይሬክተሩ «ወለምታ ነው፣ አታካብጂው» ብሎ ፈቃድ ከለከለኝ። እልህ ይዞኝ እያነከስኩ አስተማርኩ። ሐኪሙ በኋላ «ቶሎ ብትመጪ ጫፍና ጫፉን ገጥሜ እሰፋው ነበር» አለኝ። ተራርቆ ስላገኘው የእግሬን አውራ ጣት የሚያጥፈውን ጅማት አዙሮ ተረከዜ ላይ ሰፋው። ዳይሬክተሩን ከስሼዋለሁ፤ «በሰላም እንጨርሰው» ቢለኝም አልተውኩትም።

አሁን ከጄሶ ወጥቼ በክራንች እሄዳለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሕፃን ሳለሽ ካልሲሽን በእግሬ ጣቶች ቆንጥጬ ሳወልቅልሽ በሳቅ ትንከተከቺ ነበር። ትናንት የወደቀ ካልሲ እንደዚያ ላነሳ ብሞክር አውራ ጣቴ አልታጠፍ አለ። አያትሽ «እጅ የለሽም እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

በሰላም ያገናኘን፣ ልጄ። አደራሽን፣ ስትመጪ የኔን ካልሲ በእግርሽ ጣቶች አውልቂልኝ፤ መሳቁ የኔ ተራ ይሁን።

እናትሽ