ባትሪውን ያደከምኩት እኔ ነኝ

ውድ አንዋር፣

ስልኬን እንደማታነሳ ስላወቅኩ ጻፍኩልህ። ካራቆሬ እንዴት ይዛሃለች? ሸዋ ሮቢት ሙቀቷ ያው ነው፤ እኔም ያው እንደምታውቀኝ ችኩል ነኝ።

ሚኒባሴ ጠዋት አልነሳም ባለች ቁጥር መናኸሪያ ውስጥ «አንዋር የሞተ ባትሪ አስገዛኝ» እያልኩ ለሹፌሩ ሁሉ ማውራቴን ሰምተሃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መኪና የሚያመጣልህ ጠፋ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቅህን ዘግተህ ሄድክ።

ያኔ ግን ነግረኸኝ ነበር። «ባትሪው ደህና ነው ሞጌ፤ መኪናዋ ቆማ ሳለ የሚጠባው ነገር አለ። አንድ ቀን ተውልኝና ልፈልገው» አልከኝ። የገበያ ቀን ነው ብዬ እምቢ አልኩ። «ራስህ የቀጠልከው ገመድ አለ እንዴ?» ስትለኝም «ማርያምን የለም!» አልኩህ።

ነበረ፣ አንዋር። ሞተር አጥፍቼ ሰው እስኪሞላ መዝሙር እንዲሰማ ብዬ፣ አምፕሊፋየሩን በቁልፉ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቼዋለሁ። አታድርግ ያልከኝን ስላደረግኩ አፍሬ ካድኩህ። ቴፑን እስካጠፋሁ ድረስ ደግሞ የሚጎዳ አልመሰለኝም።

ባለፈው እሑድ አንተ እንደምታደርገው ሞከርኩ። ሁሉን አጠፋፍቼ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታሁና በመሃል ትንሽ አምፖል አስገባሁ። በራች፤ የሚጠባ ነገር አለ ማለት ነው። ባለቤቴ ትንሣኤ አምፖሏን እያየች፣ እኔ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ።

«አሁንስ?»

«ትበራለች።»

ፊውዙ አለቀ፤ አምፖሏ ግን ትበራለች። ያን ጊዜ በፊውዝ የማያልፈው የኔው ገመድ ትዝ አለኝና እጄን ከወንበሩ ሥር ሰደድኩ። አምፕሊፋየሩ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። ገመዱን ስመዘው ትንሣኤ «ጠፋች!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲህ አንዋርን ምን ልትለው ነው?»

ሰኞ መናኸሪያ ሹፌሮቹን ሰብስቤ «ባትሪው ደህና ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ በሐሰትም ምያለሁ» አልኳቸው። ተራ አስከባሪው ጋሽ ኢብሮ «ለኛ ምን ትነግረናለህ? ለሱ ንገረው እንጂ!» አሉኝ።

ሽማግሌ መላክ ይቻል ነበር። ግን ይሉኝታህን አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ ፊትህ ከተቀመጠ እምቢ ማለት አትችልም። በጭንቅ ይቅር እንድትለኝ አልፈልግም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ብቻዬን እመጣለሁ። በርህ ላይ ቆሜ አንዴ እጠራሃለሁ። ካልወጣህ አልቀየምም፤ መቀየም የሚገባህ አንተ ነህ። ግን ብትወጣ ደስ ይለኛል፤ በጣም ናፍቀኸኛል።

የዋሸህ ጓደኛህ
ሞገስ