«ቁም» ሲባል ጽፎ የጨረሰው ፕሮግራም

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት 10፡30

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ በሁለት ጣት ኮምፒውተር ገደልኩ። እሺ፣ ኮምፒውተሩን አይደለም፤ ውስጡ የሚሠራውን ፕሮግራም። ሁለት ጣቱ ግን እውነት ነው።

ፕሮግራሙ የሞሚና ነው። የእህቴ ልጅ፣ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ የምትመረቀው። ሲ በሚባል ቋንቋ ጻፈችው። እኔ በምጠብቀው የስንዴ መጋዘን የክምሩን ሙቀት ከጠዋት ጀምሮ ይለካል። እኛ ጋ የአስር፣ የከሰዓቱ፣ ሶላት አዛን ሲል ሁሉም ይቆማል፤ ሚዛኑም፣ የጆንያ መስፊያውም። ፕሮግራሙስ ከማን ይበልጣል? ሞሚና ስታቆመው አይቻለሁ፤ «ኮንትሮል» እና «ሲ»። የማታ ት/ቤት ተማሪ ነኝ፣ የፈረንጅ ፊደል አይጠፋኝም! ተጫንኩ። ድርግም። የቀኑ ልኬትም አብሮ ሄደ፤ ገና ፋይል ላይ አልሰፈረም ነበር።

ሞሚና ባዶውን ፋይል ከፍታ አሳየችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሐሙስ የዩኒቨርሲቲው መ/ር መጥቶ ያያል። ካልሠራ ምረቃ የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 11 ሰዓት

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርስዎ አይደለም፣ ኤሱማ፣ አለችኝ ሞሚና፤ የእናቴ ወንድም ማለቷ ነው። አስረዳችኝ። ቁልፎቹ አይገድሉም። ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ሲስተም ለፕሮግራሙ ጥሪ ይልካል፤ ሲግናል ይሉታል። ያልተማረ ፕሮግራም ጥሪው ሲደርሰው እዚያው ይሞታል። የተማረው ትንሽ ምልክት ብቻ ይይዛል፣ በእጁ ያለውን ልኬት ይጨርሳል፣ ምልክቱን ያያል፣ ሁሉን ይጽፋል፣ ከዚያ ይወጣል። መርፌው ጆንያው አፍ ላይ እያለ አዛን የሰማ ሰው ይበሉት! ስፌቱን ቋጥሮ ይነሳል።

እምቢ ማለትስ ይችላል? አልኳት። ይህን ጥሪ ይችላል፣ አለች፤ ዘጠኝ ቁጥር የሚባለውን የመግደያ ጥሪ ግን አይችልም። ለዘጠኝ ማስተማር የለም። አንድ ፊደል እንኳ አያስጽፍም።

ሱብሃነላህ። ብረት ውስጥም እምቢ የማይባል ሞት አለ! ወደ ሶላቴ ዛሬ ቶሎ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት 9 ሰዓት

መ/ሩ መጣ። ማን ያቁመው? አለ። ሞሚና ወደ እኔ ጠቆመች፦ «ገዳዩ እዚህ አለ!» ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እጄ ንቅንቅ ሳይል ተጫንኩ።

አልሞተም! የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ በአማርኛ ወጣ፦ «ቆይ፣ እየጻፍኩ ነው።» ለእኔ ብላ ነው በአማርኛ ያደረገችው። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ማንም ሳይረዳኝ። ከዚያ በሥርዓት ወጣ። ፋይሉ ተከፈተ፤ አንድም ልኬት አልጎደለም። መ/ሩ አለፍሽ አላት። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ሒድ ሲባል የያዘውን ጨርሶ የሚሄድ ነገር!

ማስታወሻዬ፣ ከላይ ከጻፍኩት አንዷ ውሸት ናት። እጄ ንቅንቅ አላለም ያልኩት። ጣቴን ይዛ «ሲ» ላይ ያሳረፈችው ሞሚና ናት።