ከክራንስተን ጎን የያዝሽው ቦታ

ውድ አክስቴ ኢዮና፣

ከበርሚንግሃም የላክሽው ካርቶን ደርሶኛል። ካናቴራዎቹ ያምራሉ፤ ደረታቸው ላይ የክራንስተኖች ዓርማ፣ ጀርባቸው ላይ «የሂው ክራንስተን ዘሮች» የሚል ጽሑፍ። አንዱን ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ከዚያ አውልቄ ገላዬን ታጠብኩ። ሁለት ጊዜ ነው በሳሙና የታጠብኩት።

ሐኪሞቹ ምን እንዳሉሽ እናቴ ነግራኛለች። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ግን ስትሞቺ ሬሳሽ ወደ ጃማይካ መጥቶ፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው ከክራንስተን መቃብር በስተቀኝ እንዲያርፍ ተናዘሻል። በስተግራው እናቴ ልትሆን ተስማምታችኋል። እኔን ደግሞ «የመሬቱን ወረቀትና የሰውዬውን ኑዛዜ ፈልጊ፣ በነሐሴ ዘመዱ ሁሉ ሲሰበሰብ ይነበባል» ብለሽ አዘሽኛል። ፈልጌ አገኘሁት። ከእንግዲህ ዝም ማለት አልችልም።

ያደግንበትን ወሬ መቼም አትረሺውም። ስኮትላንዳዊው የሸንኮራ እርሻ ጌታ ክራንስተን ፊባ የምትባለውን ባሪያውን ወደደ፣ ልጆች ወለደችለት፣ ሲሞትም ይህን ኮረብታ ሰጣት። በየገናው ዋዜማ መቃብሩን ኖራ እንቀባለን፣ ከነጩ የረም አረቄ የመጀመሪያው ጉንጭ ለእሱ ይፈሳል። ቡሩሹን ይዘሽ ፊት ፊት የምትይው አንቺ ነበርሽ። «አፍንጫዬን እዩት፣ የክራንስተን አፍንጫ ነው» ትዪና ወደ እኔ ዞረሽ «አንቺ ምስኪን በፊባ በኩል ወጥተሻል» ትዪኝ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስተኛ ግን አፍንጫዬን በልብስ መቆንጠጫ እይዘው ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በጣም ነበር የምወድሽ፤ አንቺን ለመምሰል የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ያንን ወሬ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ! «ጌታ ሁሉ ክፉ አልነበረም» እያልኩ። አሁን ሳስበው ምላሴን ቁረጪው ቁረጪው ይለኛል።

የላክሽልንን የዲኤንኤ የዘር መመርመሪያ ቱቦ እናቴም እኔም ምራቃችንን ተፍተን ሞላነው። ውጤቱ ሲመጣ ስኮትላንድ ያለ አንድ የክራንስተን ወንድም ዘር ዘመዳችን ሆኖ ተገኘ። ሰውየውም «ዘመዶቼ ሰላም ናችሁ? በፀሐያችሁ ቀናሁ!» ብሎ ጽፎ ዓርማውን ላከ። አንቺ በስልክ አለቀስሽ። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» አልሽ። ብለሻል፤ አባትነቱስ እውነት ነው።

ስፓኒሽ ታውን መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ የምታወጣው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና «የመሬት ነው የኑዛዜ?» አለችኝ።

«ሁለቱም።»

«እንግዲያው ከመሬቱ ጀምሪ እናቴ። ኑዛዜውን ከምሳ በኋላ አመጣልሻለሁ።»

«ምነው?»

«የዚያን ዘመን ኑዛዜ አንብቦ ምሳ የበላ ሰው እዚህ አላየሁማ!»

ቀልድ መሰለኝና ኑዛዜውን አስቀደምኩ። እንዳለ ልንገርሽ። ግራጫዋ ፈረሱ ብዙ ስላገለገለችው እስክትሞት ጭነት እንዳይነካት፣ ጥሩ ሣር እንድታገኝ ያዝዛል። ቀጥሎ ፊባንና ሴት ልጇን ማሪናን ከበሬዎቹና ከመዳብ ድስቶቹ ጋር በአንድ መስመር ለወንድሙ ልጅ ያወርሳል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «የፊባ ወንድ ልጅ ኮፊ፣ ዕድሜው ስድስት ዓመት፣ ተሸጦ በዋጋው ከአበርዲን የመቃብሬ ድንጋይ ይምጣልኝ።»

አክስቴ፣ የገዛ ልጁን ነው። ምራቃችን የመሰከረበትን፣ የአብራኩን ክፋይ። ለፈረሲቱ ጡረታ፣ ለልጁ ገበያ! በየገናው የምንወለውለው፣ ረም የምናጠጣው ያንን ድንጋይ ነው። ከመዝገብ ቤቱ ወጥቼ ግድግዳው ሥር አስታወክሁ። ሴትዮዋ ውሃ ይዛልኝ መጣችና ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ፤ «ብዬሽ ነበር» እንኳ አላለችኝም።

በማግሥቱ ተመልሼ የመሬቱን መዝገብ አየሁ። ስጦታ የሚባል ነገር የለም። ኮረብታውን የገዛችው ማሪና ናት፤ የባሮች ነፃነት ከታወጀ በኋላ፣ በራሷ ገንዘብ። ሻጩ መቃብር ያለበትን መሬት የሙት መንፈሱን ፈርቶ የሚጠጋው ሰው ስለጠፋ በርካሽ እንደለቀቀላት አስጽፏል። አስቢው፤ ከበሬ ጋር ያወረሳትን፣ ወንድሟን የሸጠባትን ሰው ሬሳ ታግሣ መሬቱን ለእኛ አስቀረችልን። እኛ ዘሮቿ ደግሞ ምስጋናውን ከእሷ ነጥቀን ለሬሳው ሰጠነው። የእሷ መቃብር የትኛው እንደሆነ እንኳ አናውቅም።

ለእናቴ በረንዳው ላይ አነበብኩላት። የርግብ አተር እየፈለፈለች ነበር። የአጎቴ ልጅ ቶርዊን፣ ግንበኛው፣ መቃብሩን ለነሐሴ ሊጠግን መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ እናቴ።

ደገምኩት።

«ስንት ዓመቱ ነው ያልሽው?»

«ስድስት።»

«ጥርሱን እንኳ አልነቀለም እኮ» አለችና ሳህኑን ከጭኗ ላይ አወረደችው።

ቶርዊን ራሱን እያከከ «እማማ፣ እንግዲህ ያለፈ ነገር ነው። ሲሚንቶውን አዝዣለሁ» አላት።

«ሲሚንቶህን ለአሳማህ ጋጥ አድርገው!»

«አክስቴ ኢዮና ታዲያ ምን ትለኛለች?»

«ለእሷ ሄርሚን ትጽፍላታለች። አንተ ይልቅ ተነሥና የእኔን ቦታ ምልክት አድርግልኝ። ከአኪው ዛፍ ማዶ፣ ያ ድንጋይ ከማይታይበት።»

እሱ ችካል ሲተክል ቆማ አየች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ እንደዚያ ቀጥ ብላ ስትቆም ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ሚስ ፔትሮና ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። ስሟን በዲኤንኤው ዝርዝር ላይ አንቺም አይተሽዋል፤ የሩቅ ዘመዳችን ናት ይል ነበር። «መሬት ፈልጋ ነው፣ አትመልሺላት» አልሽኝ። እኔም ታዝዤሽ ዘጠኝ ወር ሙሉ መልእክቷን ዘጋሁት። አስቀያሚ ሥራ ነው የሠራነው፤ አንቺም እኔም። የኮፊ ዘር ትሆን እንዴ ብዬ ደወልኩላትና የቀድሞ ሰዎቿ ከየት እንደመጡ ጠየቅኋት።

«ምኑን አውቄው ልጄ! የመጀመሪያው ሰውዬ ተሸጦ የመጣ ነው አሉ። ድንጋዩ ኮፊ ይሉት ነበር።»

«ለምን ድንጋዩ?»

«እንጃ፤ ክንደ ብርቱ ቢሆን ነዋ!» ብላ ሳቀች።

በስልክ ልነግራት አቃተኝ። እሑድ ነይልን አልኳት፤ ከሴንት ኤልዛቤት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ የካሳቫ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። እናቴ እጇን ይዛ መቃብሩ ድረስ ወሰደቻትና ኑዛዜውን ራሷ ነገረቻት። ሚስ ፔትሮና ድንጋዩን በስንዝር ለካችው፤ ወደ ላይ አምስት ስንዝር፣ ወደ ጎን ሦስት።

«ይቺው ናት?» አለች። «ይቺን ታክላለች?»

ከዚያ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገችው። እናቴ «ይህ ኮረብታ ያንቺም ነው፣ የፊባ ዘር ከዚህ አይባረርም» ስትላት ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኔ ማየት አልቻልኩም፣ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ነገር ልመለስ። እኔ በንዴቴ «እዚያ አትቀበርም!» ብዬ ነበር። እናቴ ተቆጣችኝ። «መሬቱ የቤተሰብ ነው፤ እኔም አንቺም ኢዮናን መከልከል አንችልም» አለች። ስለዚህ በስተቀኙ ያለው ቦታ አሁንም ያንቺ ነው። መቃብሩ ኖራ አይቀባም፣ ረም አይፈስለትም። ኑዛዜው ግን እንዳዘዝሽው በነሐሴ ይነበባል፣ አንድም ቃል ሳይጎድል፣ ሚስ ፔትሮና ባለችበት።

በራስሽ እጅ ጻፊልኝ እንጂ በስልክ አትንገሪኝ፤ ድምፅሽን ስሰማ እንደ ልጅነቴ እሺ እሺ ማለቴ አይቀርም። ከእህትሽ አጠገብ ካልሽ ቦታ ሞልቷል፤ አበባም ከአሁኑ እተክልልሻለሁ። ከእሱ ጎን ካልሽም ቶርዊን ይቆፍርልሻል። ሬሳሽን ከአውሮፕላን ማረፊያ እቀበላለሁ፣ ጸጉርሽን አበጥራለሁ፣ የምትወጂውን ሰማያዊ ቀሚስ አለብስሻለሁ። ኮፊ የተሸጠበት ድንጋይ ሥር ቆሜ ግን አላለቅስልሽም። እዚያ የሚያለቅስልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።

የእህትሽ ልጅ፣
ሄርሚን